የሦስት ቱቦ ፕሮጀክተር ጂኦሜትሪ አልስተካከል አለ፦ አረንጓዴው ይረግባል፣ የቀዩ ማስተካከያ አልቋል

ዳርቻ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ባለ 8 ኢንች ሦስት ቱቦ ሲአርቲ ፕሮጀክተር ነው (ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ምስል በየራሱ የካቶድ ጨረር ቱቦ የሚያወጣ)። ስክሪኑ 240 በ135 ሴንቲሜትር፣ ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ 3.60 ሜትር፤ ርቀቱ ማኑዋሉ ለዚህ ወርድ ካስቀመጠው ጋር ይገጥማል። የሚገባው ሲግናል አንዳንዴ 720ፒ፣ አንዳንዴ 1080አይ ነው።

አረንጓዴውን ብቻ አብርቼ 16 በ9 ሳጥን ያለው ፍርግርግ ሳወጣ፣ መሃል ለመሃል የሚያልፉት ሁለቱ መስመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው። የላይኛው ጠርዝ ግን መሃሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ይረግባል፤ የታችኛው ደህና ነው። ከግራ ዳር ያለው ሳጥን ወርዱ 14.6፣ ከቀኝ ዳር ያለው 15.4 ሴንቲሜትር ነው። ሊኒያሪቲውን (የሳጥኖቹን ወርድ እኩል የሚያደርገውን ማስተካከያ) ስነካ ወርዱ ይቀራረባል፣ የመሃሉ መስመር ግን ከቦታው ይሄዳል።

ቀዩ በቀኝ በኩል አረንጓዴው ላይ አይደርስም። የኮንቨርጀንሱ (ቀለማቱን አንዱን በአንዱ ላይ የሚገጣጥመው ማስተካከያ) ቁጥር 100 ላይ ደርሶ ቆሟል፣ ገና 2 ሴንቲሜትር ይቀረዋል። ሰማያዊው አንድ ማዕዘኑ ላይ ጨለም ይላል። ከሁሉ የሚያደክመው ደግሞ ማታ ተገጣጥሞ ያደረው በማግስቱ ሲከፈት ግማሽ መስመር ያህል ተዛንፎ መገኘቱ ነው።

ከየት ልጀምር? የኮንቨርጀንስ ቦርዱ ነው የተበላሸው ወይስ የማስተካከያው ቅደም ተከተል ነው የተሳሳተው?

---

ውሃ_ልክ

ሰላም ዳርቻ። ቦርዱን አሁን አትንካው። ከጻፍካቸው ችግሮች ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ መጀመሪያ እናትየዋን እንፈልግ።

ሳጥኖች ከግራ ወደ ቀኝ እየሰፉ የሚሄዱት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሊኒያሪቲ ነው፤ ጨረሩ ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ፍጥነቱ እኩል አልሆነም ማለት ነው። ሁለተኛው ፕሮጀክተሩ ራሱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ መሰቀሉ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ቁመት ነው። ሊኒያሪቲ ወርድን ብቻ ያዛባል። የዞረ ፕሮጀክተር ግን በዞረበት ወገን ወርዱንም ቁመቱንም ያሳድጋል፤ ቁመቱ በመቶ 1 ካደገ ወርዱ በመቶ 2 ያህል ያድጋል። ስለዚህ የጎን ኪስቶኑን (የግራና የቀኝ ጠርዝ ቁመትን የሚያስተካክለውን) ወደ መካከለኛ ቁጥሩ መልሰህ የአረንጓዴውን የግራና የቀኝ ጠርዝ ቁመት በሜትር ለካው።

እግረ መንገድህን እነዚህንም ለካ። የስክሪኑን ሁለት ሰያፎች፤ 240 በ135 ከሆነ ሁለቱም 275.4 አካባቢ መምጣት አለባቸው፣ ካልመጡ ስክሪኑ ራሱ አራት ማዕዘን አይደለም፤ በእሱ ላይ የሚደረግ ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ከአረንጓዴው ሌንስ መሃል እስከ ሁለቱ የላይ ማዕዘኖች። ይህ እኩል ቢሆን ብቻ እንዳትረካ፤ ሌንሱ በስክሪኑ መሃል ትይዩ መቆሙን ይነግርሃል እንጂ ሳጥኑ (የፕሮጀክተሩ አካል) ፊቱን ወዴት እንዳዞረ አይነግርህም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ፊቱን የሚነግርህ የጎኖቹ ሌንሶች ልኬት ነው፦ ከግራው ሌንስ እስከ ግራው የታች ማዕዘን፣ ከቀኙ ሌንስ እስከ ቀኙ የታች ማዕዘን።

በመጨረሻ አረንጓዴው ቱቦ ውስጥ ተመልከት። ኮንትራስቱን ዜሮ አድርገው፣ ብራይትነሱን ራስተሩ (ጨረሩ ቱቦው ፊት ላይ የሚስለው ብሩህ አራት ማዕዘን) እንደ ጭላንጭል እስኪታይ ብቻ ከፍ አድርግ፣ ከዚያ በሌንሱ በኩል አጮልቀህ ራስተሩ ከፎስፈሩ (ጨረር ሲመታው ከሚያበራው የቱቦው ፊት ልባስ) ጠርዝ በየወገኑ ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ገምት። ኮንትራስት ተለቅቆ ግን ወደ ሌንስ እንዳታይ፤ ዓይን ይጎዳል።

---

ዳርቻ

አመሰግናለሁ ጋሼ። ለክቼዋለሁ።

የግራ ጠርዝ ቁመት 133.2፣ የቀኝ 136.8። ሰያፎቹ 275.4 እና 275.5። ከአረንጓዴው ሌንስ እስከ ሁለቱ ማዕዘኖች እኩል ነው፣ ቢለያይ በ2 ሚሊሜትር። የጎኖቹ ሌንሶች ግን እኩል አይደሉም፤ የቀኙ በ1.5 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ራስተሩ በአንድ ወገን ከጠርዙ 2 ሚሊሜትር፣ በሌላው 17 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል።

---

ውሃ_ልክ

በቃ፣ ተገኘ። ፕሮጀክተሩ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ከ2 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል።

እንዴት እንደተያያዘ ተመልከት። ቁመቱ በመቶ 2.7 ይበልጣል፣ ወርዱ በመቶ 5.5፤ እጥፉ ነው፣ ስለዚህ ሊኒያሪቲ አይደለም። 2.3 ዲግሪ መዞር በ3.60 ሜትር ርቀት ላይ ምስሉን 14 ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ያንን ምስል ወደ ስክሪኑ መሃል ለመመለስ ሴንተሪንጉ በኤሌክትሪክ ወደ ግራ ተጎትቷል፤ ራስተሩም ቱቦው ፊት ላይ 7 ወይም 8 ሚሊሜትር ከመሃሉ ሸሸ። ያየኸው 2 እና 17 እሱ ነው። ሰማያዊው ማዕዘኑ ላይ የጨለመው ራስተሩ ፎስፈሩን ጨርሶ ጠርዙ ላይ ስለወጣ ሊሆን ይችላል። የጎን ቱቦዎች ደግሞ ወደ መሃል ዘመም ብለው የተሠሩት ሳጥኑ ስክሪኑን ፊት ለፊት ያያል በሚል ልክ ነው። ሳጥኑ ሲዞር አንደኛው ቱቦ ከታሰበለት በላይ ስክሪኑን በሰያፍ ይመታል፣ ኮንቨርጀንሱም ያንን ሁሉ መንገድ ለመጎተት ሲሞክር አቅሙ ያልቃል። 100 ላይ የቆመው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ካቻቢቴና ሜኑ ሳይሆን ማቀፊያው ላይ ነው። ኃይሉን አጥፋ፣ ሶኬቱንም ንቀል። ከእነዚህ ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ አንድ ሰው ከታች ደግፎ ይዞ ሌላው ብሎኖቹን ያላላ፣ ጨርሶ አይፍታ። የማዞሪያው እምብርት አረንጓዴው ሌንስ ይሁን፤ የመሃሉ ልኬትህ ትክክል ስለሆነ እንዳይጠፋብህ። ከሌንሱ እስከ ሳጥኑ ጀርባ 80 ሴንቲሜትር ቢሆን ጀርባው ወደ ቀኝ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ የጎኖቹን ሌንሶች ልኬት ድገም፤ ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር በታች እስኪሆን አትልቀቀው። ውሃ ልኩን በሳጥኑ ወርድ አስቀምጠህ ወደ ጎን አለመዝመሙን እይ። ብሎኖቹን አጥብቀህ ከጨረስክ በኋላ አንድ ጊዜ ደግመህ ለካ፤ ሲጠብቅ 2 እና 3 ሚሊሜትር የሚሸራተት ማቀፊያ ብዙ ነው።

---

ፍርግርግ

ውሃ_ልክ ያለው ላይ የምጨምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። ሳጥኑ ከተስተካከለ በኋላ የድሮዎቹን ቁጥሮች ይዘህ አትቀጥል፤ ለዞረ ሳጥን የተሞሉ ናቸው። ያለውን ሚሞሪ በሌላ ቁጥር አስቀምጠህ፣ አዲስ ከፍተህ፣ የቀይና የሰማያዊ ኮንቨርጀንስ በሙሉ፣ የአረንጓዴውም ጂኦሜትሪ በሙሉ ወደ መካከለኛው ቁጥር ይመለስ። ምስሉ አስቀያሚ ይሆናል፣ አትደንግጥ። አንድ ሰዓት ይሙቅ፤ ግን በጥቁር ምስል ሳይሆን በሚንቀሳቀስ መካከለኛ ብሩህነት ባለው ቪዲዮ።

ከዚያ ራስተሩን በሦስቱም ቱቦዎች ፊት ላይ መሃል አድርግ፤ ግራና ቀኙ እኩል፣ ላይና ታቹ እኩል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ሴንተሪንግ ራስተሩን በሙሉ ያንቀሳቅሳል። ፌዝ ደግሞ ራስተሩን ሳይነካ ምስሉን በራስተሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ያደርጋል። ምስሉ ራስተሩ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ከተጠጋ በፌዝ መልሰው፤ በሴንተሪንግ ከመለስከው እንደገና ፎስፈር ጠርዝ ላይ ትወጣለህ። ሦስቱም መሃል ከሆኑ በኋላ ቀዩ ወይም ሰማያዊው ስክሪኑ ላይ ከአረንጓዴው ብዙ ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ የዚያ ቱቦ የማዘንበያ ማዕዘን ለስክሪኑ ወርድ አልተሞላም ማለት ነው። ብዙ ሞዴሎች ቱቦው ሥር ለዚህ የሚሆን ብሎን ወይም ቁጥር የተጻፈበት ቦታ አላቸው፤ ማኑዋሉ ለ240 ሴንቲሜትር የቱን እንደሚል እይ።

ሰማያዊው ራስተሩ መሃል ሆኖም ማዕዘኑ ከጨለመ ዮኩን ተመልከት። ዮክ ቱቦው አንገት ላይ የተጠመጠመው መጠምጠሚያ ነው፤ ወደ ፊት፣ ቱቦው እንደ ደወል እስከሚሰፋበት ድረስ ተጠግቶ መቆም አለበት። 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ከሸሸ ጨረሩ ገና አንገቱ ውስጥ ሳለ ይታጠፍና የአንገቱን መስታወት ይመታል፤ ስክሪኑ ላይ ማዕዘኑ በክብ ጥላ ይበላል። የጥላው ጠርዝ ክብ መሆኑ ምልክቱ ነው፤ ፎስፈር ያለቀበት ጠርዝ ግን እንደ ቱቦው ቅርጽ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል።

ዮኩን ስታዞርም ስትገፋም ኃይል ይጥፋ፣ ሶኬት ይነቀል። ቱቦው ላይ ከ30 ሺህ ቮልት በላይ አለ፣ ከጠፋም በኋላ ቻርጁ ይቆያል፤ ወፍራሙን የአኖድ ሽቦና መሰኪያውን በጭራሽ አትንካ። የማቀፊያውን ብሎን ግማሽ ዙር ብቻ አላላ፣ ዮኩን ወደፊት ግፋ፣ በጥቂቱ አዙር፣ አጥብቅ፣ አብርተህ እይ። የአረንጓዴው የመሃል አግድም መስመር ስክሪኑ ላይ ከተወጠረው ክር ጋር እስኪተኛ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ሲጠብቅ እጅህን ቆጥብ፤ በኃይል የጠበቀ ማቀፊያ አንገቱን ይሰነጥቃል፣ አንገቱ የተሰነጠቀ ቱቦ ደግሞ አለቀ ነው።

ከዮኩ ኋላ አንገቱ ላይ ያሉትን የማግኔት ቀለበቶችም ጂኦሜትሪ ከመጀመሩ በፊት ፈትሽ። ነጠብጣብ ምስል አውጣና የኤሌክትሪክ ፎከሱን ወዲያና ወዲህ አዙረው። ነጥቡ ባለበት እየሰፋና እየጠበበ ከሆነ ደህና ነው። እየሰፋ ከቦታው ከሸሸ ባለሁለት ዋልታ ቀለበቶቹ መስተካከል አለባቸው። ሲሰፋ ሞላላ የሚሆን ከሆነ ባለአራቱን፣ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ከሆነ ባለስድስቱን። ቀለበት ሲነካ ራስተሩ ስለሚንቀሳቀስ ቀደም ብሎ ነው የሚያልቀው፤ ከጂኦሜትሪ በኋላ የነካ ሰው ሁሉንም ነገር ከሀ ይጀምራል። የቀለበቶቹ ነገር ግን እንደ ቱቦው ዓይነት ይለያያል፤ ኤሌክትሮስታቲክ ፎከስ ያላቸው፣ ማግኔቲክ ፎከስ ካላቸው እንደ ሶኒ ጂ90 ካሉ ባለ 9 ኢንቾች ጋር አንድ አይደሉም። ያንተ የቱ እንደሆነ ማኑዋሉን አይተህ ግባ።

የሌንሱን ፎከስ መሃሉን በአንዱ፣ ጠርዙን በሌላው ማስተካከያ አድርገህ፣ ላዩ ጠርቶ ታቹ ከደበዘዘ የሌንሱን ዘንበልታ በመቀመጫው ብሎኖች ታርመዋለህ። ማጥራት ከጨረስክ በኋላ ሌንሱን አትመለስበት፤ የምስሉን መጠን ትንሽ ይቀይረዋል።

---

ውሃ_ልክ

ፍርግርግ ሁሉንም አለው፣ እኔ ወደ አረንጓዴው ልሂድ።

ሜኑ ላይ ያለው ፍርግርግ ለራሱ ቀጥ ያለ ይመስለዋል፤ መመዘኛ የሚሆንህ ክር ነው። ቀጭን ነጭ ክር ውሰድ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ እሰርለትና ከስክሪኑ የላይ ጠርዝ፣ ትክክል ከ120 ሴንቲሜትሩ ላይ እንደ ቱንቢ ልቀቀው። ዳዶው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቅና ታችኛውን በስኮች ያዘው። አግድሙን ከ67.5 ሴንቲሜትር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወጥረው። ከአረንጓዴው ብርሃን ፊት ክሩ ራሱ ያበራል፤ መስመሩ ከክሩ ግማሽ ሚሊሜትር ቢለይ እንኳ ታየዋለህ።

መጀመሪያ በመሃል የሚያልፉትን ሁለቱን ብቻ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ግን ዘምሞ ከሆነ ስኪው፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ከሆነ ቦው ነው። እነዚህ ሳይጨርሱ ወደ ጠርዝ አትሂድ፤ የመሃሉ እርማት ጠርዞቹንም ይዞ ይሄዳልና የጠርዝ ሥራህ ይፈርሳል። ከዚያ ኪስቶን፦ ሁለቱ የጎን ጠርዞች እኩል ቁመት፣ ላይና ታች እኩል ወርድ። ከዚያ ፒንኩሽን (በአጭሩ ፒን)፦ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ሲሰረጉዱ ወይም ወደ ውጭ ሲያብጡ። ቀጥሎ ሊኒያሪቲ፣ በመጨረሻ መጠን። አንድ ዙር አይበቃም፤ ሁለተኛው ዙር ላይ የምትነካው ትንሽ ይሆናል፣ ሦስተኛው ላይ ምንም። ሦስተኛው ላይም ብዙ እየነካህ ከሆነ ከታች ያለው ሜካኒካል ነገር አልጨረሰም።

ስለ ረገበው የላይ መስመር። ቦው የላዩን፣ የመሃሉንና የታቹን መስመር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያጎብጠው። ፒን ላዩንና ታቹን በተቃራኒ አቅጣጫ ያጎብጣል፣ መሃሉን አይነካም። ያንተ መሃሉ ቀጥ፣ ታቹ ቀጥ፣ ላዩ ብቻ 1 ሴንቲሜትር የረገበ ነው። በቦው ብታነሳው መሃሉና ታቹ አብረው ይነሣሉ፤ በፒን ብታነሳው ታቹ ወደ ታች ይጎብጣል። ማለትም ከሁለቱ በየትኛውም፣ በድምራቸውም የማይድን ነው። እንደዚህ ዓይነት የአንድ ጠርዝ ብቻ ጉብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከራስተሩ መሸሽ ወይም ከሳጥኑ ወደ ላይ ወደ ታች መዘንበል ይመጣል። ሳጥኑን አስተካክለህ ራስተሩን መሃል ካደረግክ በኋላ እንደገና ለካው፤ አብዛኛው ይጠፋል ብዬ እጠብቃለሁ።

አደራህን፣ ፍርግርግ ሲወጣ ኮንትራስቱ ከ30 ወይም 40 አይለፍ። ለረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ የቆመ ብሩህ መስመር ፎስፈሩን ያቃጥላል፣ ያ ጠባሳ አይወጣም። ለሻይ እንኳ ስትነሣ ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል ቀይር።

---

ራስተር33

ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንዱ ላይ ደግሞ ትንሽ ልለይ።

ሳጥኑ ተስተካክሎም ላዩ ላይ የሚቀረው ጥቂት ሚሊሜትር ይኖራል፤ የሌንሱም ድርሻ አለበት። እሱን በአረንጓዴው ዞን ማስተካከያ (የስክሪኑን አንድ አካባቢ ለብቻው በሚያንቀሳቅሰው) ማንሣት ነውር የለውም። አረንጓዴው ዞን በጭራሽ አይነካ የሚለው ምክር ብዙ ቦታ ይደጋገማል፣ ግን ምክንያቱ ሲነገር አይሰማም። ምክንያቱ፣ አረንጓዴው በዞን በተጎተተ ቁጥር ቀዩና ሰማያዊውም ያንኑ ያህል ተጎትተው ሊከተሉት ስለሚገባ የኮንቨርጀንስ ማጉያዎቹ ድካም በሦስት ይባዛል፤ ይሞቃሉ፣ ሙቀታቸው ሲለዋወጥ ደግሞ መስመሩ ይሸሻል። 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ለማንሣት ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 1 ሴንቲሜትር ግን ነው። ከ5 ሚሊሜትር በላይ የሚፈልግ ከሆነ ወደ ማቀፊያው ተመለስ።

አሁን የማግስቱ መዛነፍ። መጀመሪያ የሚሸሸው የቱ እንደሆነ ለይ። ሦስቱም ቀለማት አንድ ላይ ተያይዘው ከክሩ ከተንቀሳቀሱ የማቀፊያው ብሎን ነው ወይም ጨረሮቹን የሚያጥፈው የጋራ ክፍል ነው። አንድ ቀለም ብቻ ከሆነ የሚሸሸው የዚያ ቀለም የኮንቨርጀንስ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ሳይሆን ማገናኛው ነው። ኃይል አጥፍተህ ሶኬት ከነቀልክ በኋላ ማገናኛውን ነቅሎ መልሶ መሰካት የጠቆረውን ብረት ያፋትገዋል፤ ይህ ብቻ የሚያድነው ስንት አለ። በብርድ ተዛንፎ ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሱ የሚመለስ ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም። ማታ ሙቅ ሆኖ የተሞላ ቁጥር ጠዋት በብርድ ሲታይ መለየቱ የተፈጥሮ ነው።

ክዳኑም አለ። ብዙ ሰው ክዳኑን ከፍቶ ኮንቨርጀንስ ይሠራና በመጨረሻ ይገጥመዋል። ክዳኑ ሲገጠም የውስጡ ሙቀት ከፍ ይላል፣ መስመሮቹ ይሸሻሉ። የመጨረሻው ዙር ክዳኑ ተገጥሞ፣ 30 ደቂቃ ቆይቶ፣ በሪሞት ብቻ ይሁን።

ሌላው የብሩህነት መተንፈስ ነው። ጨለማ ምስልና ሙሉ ነጭ ምስል አፈራርቅና የዳሩን መስመር ከክሩ ጋር እይ። ነጩ ሲመጣ ምስሉ በሁሉም ወገን ካበጠ ከፍተኛው ቮልቴጅ እየወደቀ ነው፤ ያንን የትኛውም የጂኦሜትሪ ቁጥር አያርመውም፣ ኮንትራስቱን መቀነስ ወይም የኃይል አቅርቦቱን ማስጠገን ነው። የመጠኑን የመጨረሻ ልኬትም ፊልም በሚታይበት ኮንትራስት አድርገው፣ በፍርግርጉ ዝቅተኛ ኮንትራስት ሳይሆን።

ከሳጥኑ አጠገብ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ካለም አርቀው። መከለያ የሌለው ማግኔት አንዱን ማዕዘን ይጎትታል፣ ያንን በዞን አርመህ ነገ ማጉያውን ስታንቀሳቅስ ስህተቱ ተገልብጦ ይመጣል።

---

ዳርቻ

ሳጥኑ ዞሯል፣ አሁን የጎኖቹ ሌንሶች ልዩነት 1 ሚሊሜትር ነው። ራስተሩ በሁለቱም ወገን 9 እና 10 ሚሊሜትር ቀርቶለታል። የሳጥኖቹ ወርድ ሊኒያሪቲ ሳይነካ ግራው 15.0፣ ቀኙ 15.0 ሆነ። የላዩ መርገብ ከ1 ሴንቲሜትር ወደ 4 ሚሊሜትር ወርዷል። ቀዩ በ62 ደርሷል። የሰማያዊው ማዕዘን አሁንም በጥቂቱ ይጨልማል፤ ጥላው ክብ ነው።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። ሰማያዊው ከአረንጓዴው ጋር ሲገጣጠም መስመሩ ወፍራምና ደብዛዛ ሆኖ መሃሉን ማወቅ ያስቸግራል፤ እንዴት ነው የሚሠራው? ደግሞ ከ720ፒ ወደ 1080አይ ስቀይር ሁሉም እንደገና ይዛነፋል።

---

ፍርግርግ

ክብ ጥላ ከሆነ ዮኩ ነው፤ ከላይ እንደጻፍኩት ወደፊት ግፋው። ሰማያዊውን ከመገጣጠምህ በፊት ይህን ጨርስ፣ ምክንያቱም ዮኩ ሲንቀሳቀስ የሰማያዊው ሁሉ ነገር አብሮት ይንቀሳቀሳል።

ኮንቨርጀንሱን እንዲህ ሂድበት። ቀዩንና አረንጓዴውን ብቻ አብራ። የተገጣጠመበት ቦታ ቢጫ ይሆናል፣ ያልተገጣጠመበት በአንድ ወገን ቀይ በሌላው አረንጓዴ ጠርዝ ያወጣል። መጀመሪያ መሃሉን ብቻ፣ ከዚያ መጠን፣ ስኪው፣ ቦው፣ ኪስቶን፣ ፒን፣ ልክ እንደ አረንጓዴው ተራ። እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው ዞን የሚገባው፤ ከመሃል ጀምረህ ወደ ጎኖቹ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ማዕዘኖቹ መጨረሻ። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሃሉን ሲነካ ማዕዘኖቹን መልሶ ይሠራቸዋል።

ሰማያዊው በተፈጥሮው ደብዛዛ ነው፤ በብዙ ፕሮጀክተሮች ላይም የነጩ ሚዛን ሲሞላ ብሩህነት እንዲያገኝ ተብሎ ፎከሱ ሆን ተብሎ በጥቂቱ ይበተናል። ለኮንቨርጀንስ ጊዜ ግን ሙሉ በሙሉ አጥራው፣ በኋላ ትመልሰዋለህ። ቀዩን አጥፋና ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር ብቻ እይ። ጠርዙን አትፈልግ፤ አረንጓዴው ቀጭን መስመር በሰማያዊው ወፍራም መስመር መሃል ለመሃል መተኛቱን ነው የምትፈልገው፣ ከላይና ከታች የሚተርፈው ሰማያዊ እኩል ውፍረት ሲኖረው ተገጣጥሟል። ክፍሉ ፈጽሞ ይጨልም፤ ዓይንህ ሰማያዊን በደንብ የሚለየው ከ10 ደቂቃ ጨለማ በኋላ ነው። በመጨረሻ ሦስቱንም አብራ፤ ነጭ ካልሆነ የትኛው ቀለም እንደወጣ ወዲያው ይታያል። ከተቀመጥክበት ወንበር ሆነህ ማዕዘን ላይ ግማሽ መስመር የሚሆን ቀለም ቢቀር አትጨነቅበት፣ መሃሉ ላይ ግን ምንም መቅረት የለበትም።

---

ውሃ_ልክ

የሁለቱ ሲግናል ነገር ብልሽት አይደለም። 720ፒ በ60 ኸርዝ ሲመጣ የአግድም ፍጥነቱ 45 ኪሎኸርዝ ነው፣ 1080አይ ግን 33.75። ጨረሩ ከዳር ወደ ዳር ለመመለስ የሚያገኘው ጊዜ ይለያያል፣ ዮኩም በየፍጥነቱ በተለያየ መንገድ ይጎትታል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱ ሚሞሪ ያስፈልገዋል። 720ፒውን ጨርሰህ አስቀምጥ፣ ወደ 1080አይው ሚሞሪ ኮፒ አድርገውና ከዚያ ተነሣ፤ ከባዶ ከመጀመር የሚሻለው ብዙ ነገሩ ስለሚቀራረብ ነው። መጀመሪያ ፌዝና መጠን፣ ከዚያ የመሃል ኮንቨርጀንስ፣ ዞኑን በመጨረሻ በጥቂቱ። ራስተሩ በሁለተኛው ሲግናልም ቱቦው ላይ መሃል መሆኑን ግን ሳታይ አትለፍ።

ምንጮቹን ሁሉ ወደ አንድ ፍጥነት የሚቀይር ፕሮሰሰር ካለህ ደግሞ አንድ ሚሞሪ ብቻ ነው የምትይዘው። ያን ለማድረግ ከመወሰንህ በፊት ፕሮጀክተርህ በዚያ ፍጥነት የመስመሩን ጥራት ይይዛል ወይ የሚለውን ፈትሽ፤ 1080ፒ በ60 ኸርዝ 67.5 ኪሎኸርዝ ይጠይቃል፣ ባለ 8 ኢንች ሁሉ በዚያ ፍጥነት ቀጫጭኑን መስመር ለይቶ አያሳይም። ነጭና ጥቁር አንድ በአንድ የተፈራረቁበት የቁም መስመር ምስል አውጥተህ ወደ ግራጫ ከተዋሃደ፣ 720ፒው ይሻልሃል።

ብላንኪንጉን የመጨረሻ አድርገው። ከስክሪኑ ጥቁር ጠርዝ ላይ የሚተርፈውን ብርሃን በአራቱም ወገን የሚቆርጠው እሱ ነው፤ ቀድመህ ከቆረጥከው ራስተሩ የት እንዳለ ስለማይታይ፣ ቱቦው ላይ ያለውን 9 እና 10 ሚሊሜትር መልሰህ መፈተሽ አትችልም።